ከግቢ የማይወጣው መኪና

ጥቅምት 9 ቀን

ይድረስ ለልጄ ባል፤

ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ከወገቤ በስተቀር ደህና ነኝ። ሚስትህም ደህና ናት። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ትሰፋለች።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሁለት ገጽ ሙሉ «ሚስቴ ጥላኝ ሄደች» እያልክ ለእኔ ታረዳኛለህ? ለቀባሪው አረዱት! ይኸው አጠገቤ ተቀምጣ የጎረቤት ሸሚዝ ላይ አዝራር እየተከለች ነው። «ምን አድርጌያት ነው?» ማለትህ ደግሞ የባሰ አስገረመኝ። ነገሩን ካላወቅከው እነግርሃለሁ፤ ያ ከጦር ሠራዊት ጨረታ ያመጣኸው ባለ ስድስት ጎማ ብረት ከግቢያችሁ ካልወጣ እሷ ወደ ግቢው አትመለስም።

እኔ አልፈርድባትም። ሰው ለቤቱ ቁም ሳጥን ይገዛል፣ ምንጣፍ ይገዛል። አንተ ወታደር የሰለቸውን መኪና ገዛህ። ያን ሁሉ ሠራዊት ይዘው ያላንቀሳቀሱትን አንተ በአንድ መፍቻ ልታንቀሳቅሰው ነው? ለልጄ የማስብ ባልሆን ዝም ብዬ እስቅ ነበር።

እንግዲህ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና አንተው አስረዳኝ። መኪናው መቼ ነው የሚወጣው? ቀን ቁረጥልኝ፤ ለእሷም የምነግራት ነገር ይኑረኝ።

አማትህ

ጥቅምት 21 ቀን

ይድረስ ለተከበሩ እማማ፤

እንደምን ከርመዋል? ወገብዎን እንዴት አደረገዎት? እኔ ደህና ነኝ፤ ቤቱ ግን ጸጥ ብሎ ያስፈራል። ላስቀየምኩዎት ሁሉ በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

መኪናዋን የገዛኋት ለጨዋታ አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ በሰው ጋራዥ የሰው መኪና ስቀባ ኖርኩ። አሸዋና ድንጋይ የምጭንባት አንዲት የራሴ መኪና ብትኖረኝ እኔና ልጅዎ ከሰው እጅ እንወጣለን ብዬ ነው። ሞተሯ ተነስቷል። ሲነሳ ያወጣው ጭስ የጎረቤትን የታጠበ አንሶላ ስላበላሸ ይቅርታ ስጠይቅ ከረምኩ እንጂ ድምፁ ደህና ነው። ፍሪሲዮኗን ቀይሬያለሁ። ዲፈረንሻሏ ላይ ትንሽ ሥራ ቀርቶኛል።

ችግሩ ወረቀቱ ነው። ከግቢ እንድትወጣ ታርጋ ያስፈልጋታል። ታርጋ እንድታገኝ መመርመር አለባት። እንድትመረመር ወደ ምርመራ ጣቢያ መሄድ አለባት። ወደ ጣቢያው ለመሄድ ደግሞ ከግቢ መውጣት አለባት። ይህን ሁሉ ለመዝገብ ቤቷ ሴትዮ በዝርዝር ሳስረዳት አዳምጣኝ ስታበቃ «አዎ፤ ሕጉን በደንብ ይዘኸዋል» ብላ አመሰገነችኝ። በሌላ መኪና ላስጎትታት ብል የሠራዊት ቀለም የለበሰች መኪና መንገድ ላይ ከተገኘች ትያዛለች። ቀለሟን ልቀይር ብል የቀለም መቀየሪያ ፈቃድ የሚሰጠው በታርጋ ቁጥር ነው።

በመጨረሻ ኮሪደር ላይ አብሮኝ ሲጠብቅ የነበረ አንድ ደግ ሰው መላውን ነገረኝ። በግቢዬ ውስጥ ብቀባት የሚከለክለኝ የለም። ቀብቼ ስጨርስ ካመለከትኩ መርማሪው እቤቴ ድረስ መጥቶ ያያትና ጊዜያዊ ታርጋ ይሰጣታል። ቀለም ደግሞ ሙያዬ ነው!

እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ለልጅዎ ይንገሩልኝ፤ ኅዳር ሳያልቅ ትወጣለች።

አማችዎ

ኅዳር 11 ቀን

ይድረስ ለልጄ ባል፤

ከዚያ ወዲህ የላክኸውም ደብዳቤ፣ የመኪናው ፎቶግራፍም ደርሶናል። «ደርሶናል» ያልኩት እኔንና ወገቤን ነው። ልጄ ፎቶግራፉን አላየችውም። ልሰጣት ስል እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች።

እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ብለሃል። ይሂድ። እንቁላል ግን ታርጋ አያስፈልገውም።

«ታነሳኛለች ወይ?» ላልከው፣ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር «ምን ይላል?» ትለኛለች። እኔ መዋሸት አላውቅበትም። «ስለ ፍሪሲዮን ነው» አልኳት። መቀሷን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። በሚቀጥለው ደግሞ «ዛሬስ ምን ይላል?» አለችኝ። «ስለ ዲፈረንሻል» ስላት ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ከቤት ወጣች፤ የተመለሰችው ሲመሽ ነው። ዲፈረንሻል ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ከአሁን በኋላ ግን በእኔ ደብዳቤ ውስጥ እንዳይገባ።

ምን ዓይነት ቀለም እንደምትወድ ጠይቂልኝ ያልከውንም ጠይቄያታለሁ። «ለምኑ?» አለች። «ለመኪናው» አልኳት። ሳቀች፤ እንዲያ ያለ ሳቅ በአንተ ላይ አይውረድብህ። ሰማያዊ ቀባው። ሰማያዊ የሚጠላ ሰው የለም።

አንድ የማልነግርህ ነገር ነበረኝ፤ ጫፉን ብቻ ልንገርህ። እዚህ የትምህርት ቤት ልብስ የሚሰፋ ትልቅ ድርጅት አለ። ሥራዋን አዩት፤ ወደዱት። ምን እንዳሏት አልናገርም፤ የእሷ ጉዳይ ነው። ብቻ ቶሎ በል።

አማትህ

ታኅሣሥ 2 ቀን

ይድረስ ለተከበሩ እማማ፤

ከምን እንደምጀምር አላውቅም። ከቀለሙ ልጀምር፤ የሚያኮራ ነገር እሱ ብቻ ነው። ሰማያዊ ሆናለች። እንደ መስታወት ፊት ታሳያለች።

መርማሪው ማክሰኞ መጣ። አጭር ሰው ነው፤ አንድ መነጽር ዓይኑ ላይ፣ ሌላ መነጽር ግንባሩ ላይ አለ። ዙሪያዋን ዞረ። በሮቿን ከፍቶ ዘጋ። መብራቷን አስበራ። ከዚያ ጎኗን በመዳፉ ዳበሰና «ማነው የቀባት?» አለኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ፤ ደረቴን ነፍቼ።

«የሻንሲ ቁጥሯስ የታል?» አለኝ።

እማማ፣ የሻንሲ ቁጥር ማለት መኪናዋ ስትሠራ አጥንቷ ላይ የተቀረጸ ቁጥር ነው። የመኪናዋ ስም እሱ ነው። ከፊት ጎማው በላይ ባለው ብረት ላይ ዝገት የበላቸው ጎድጎድ ያሉ ነገሮች ማየቴን አስታውሳለሁ። ድንጋይ የመታው መሰለኝ። እኔ ደግሞ ጎድጓዳ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም፤ እጄን ይበላኛል። ስቱኮ ሞላሁት። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። ቀባሁት፤ ሲደርቅ ደግሞ ደገምኩት።

መርማሪው ጣቱን አሳለፈበት። «እጅህ ይባረክ፤ ግሩም ሥራ ነው» አለኝ። «መኪና ግን የለህም።»

እዚያው ልልጠው መፋቂያ ሳነሳ እጄን ያዘኝ። እኔ ከነካሁት «ቁጥር ፈጠረ» ተብዬ እከሰሳለሁ አሉ። የሚላጠው እሱ ራሱ፣ የፖሊስ ባለሙያና መኪናዋን ከሸጠው ግምጃ ቤት የመጣ ሰው አንድ ላይ ባሉበት ነው። ሦስቱን አንድ ቀን ላይ ለማገናኘት ስባዝን ሰነበትኩ። ፖሊሱ ሲገኝ የግምጃ ቤቱ ሰው ስብሰባ ላይ ነው። እሱ ሲመለስ መርማሪው ፈቃድ ወጥቷል። ግምጃ ቤት ሄጄ ብለምን «የሸጥነውን ዕቃ አናውቀውም» አሉኝ፤ ገንዘቤን ያልተቀበሉኝ ያህል።

ይህን ለልጅዎ አይንገሩብኝ። ከነገሯትም ሰማያዊ መሆኗን ይጨምሩላት።

የልብስ ድርጅቱን ነገር ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ምን አሏት?

አማችዎ

ታኅሣሥ 19 ቀን

ይድረስ ለልጄ ባል፤

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አቆይቼዋለሁ።

ሠላሳ ዓመት ልጆች አስተምሬያለሁ። መልሱን የሚደልዝ አይቻለሁ፣ የጓደኛውን ደብተር የሚደልዝ አይቻለሁ። የገዛ ስሙን ደልዞ ወረቀቱን የሚያስረክብ ተማሪ ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። አንተ ትልቁ ሰውዬ የመኪናህን ስም ደለዝክ! ደግሞ ሁለት ጊዜ ቀባሁት ትለኛለህ! ከድጡ ወደ ማጡ የሚሉት ይኼንን ነው። ሰው እንዴት ሰነፍ በመሆኑ ሳይሆን ጎበዝ በመሆኑ ይወድቃል?

አይንገሯት ብለሃል። እንዴት አድርጌ? ደብዳቤህን እያነበብኩ ጮኼ ኖሯል፤ «ምን ሆንሽ?» ብላ እየሮጠች መጣች። ከዚህ በኋላ ምን ልደብቅ? ነገርኳት። ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «ጎድጓዳ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም» ያልከው ላይ ስደርስ ከንፈሯ ፈታ ያለ መሰለኝ። ወዲያው ግን «ሌላስ? ሌላ ምን ይላል?» አለችኝ። ወረቀቱን ገልብጬ አየሁ። «ስለ ድርጅቱ ይጠይቃል፤ ሌላ የለም» አልኳት። ተነስታ ማሽኗ ላይ ተቀመጠች፤ እስከ ማታ ድረስ ከፔዳሉ ድምፅ በቀር ምንም አልሰማሁም።

ድርጅቱን በተመለከተ፣ ጠየቅከኝና ልንገርህ፤ ኋላ «ደበቁኝ» እንዳትል። የስፌት ክፍሉ ኃላፊ ሁኚልን ብለዋታል። መኖሪያ ቤትም ይሰጧታል። እስከ ጥር ማብቂያ እንድታስብበት ጊዜ ሰጥተዋታል። እኔ እናት ነኝ፤ ልጄ አጠገቤ ብትቀር አልጠላም። ባሏን ትፍታ ግን አልልም። መሐል ላይ ተቀምጬ የሁለታችሁን ነገር ስጠብቅ ደከመኝ።

ያንን ብረት አንድ ነገር አድርገው።

አማትህ

ጥር 14 ቀን

ይድረስ ለተከበሩ እማማ፤

እልል ይበሉልኝ! ታርጋ አገኘሁ!

የግምጃ ቤቱን ሰው ያሸነፍኩት በሰላምታ ነው። ማለዳ ማለዳ ቢሮው በር ላይ ቆሜ «እንደምን አደሩ» እለዋለሁ፤ ሌላ ቃል አልጨምርም። በመጨረሻ «አንተን ከማይ ሄጄ መኪናህን ባይ ይሻለኛል» ብሎ ኮቱን አነሳ። ፖሊሱን ከጠዋት ሰልፍ ላይ ለቅሜ፣ መርማሪውን ከፀጉር አስተካካይ ወንበር ላይ ጠብቄ፣ ሦስቱን በአንድ ታክሲ ጭኜ ወደ ግቢዬ አስገባኋቸው። ሁለቱ ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ ፖሊሱ ቀለሙን በመድኃኒት እያሟሟ ፋቀው። እማማ፣ ሰማያዊው ሲነሳ ያመመኝን እኔ ነኝ የማውቀው። ከስር ቁጥሩ አንድ በአንድ ብቅ አለ። ከግምጃ ቤቱ ወረቀት ጋር ሲመሳከር አንድም አልጎደለም። መርማሪው ግንባሩ ላይ ያለውን መነጽር አውርዶ ፈረመ።

በጊዜያዊው ታርጋ ምርመራ ጣቢያ ሄዳ አለፈች፤ ዋናው ታርጋም ትናንት ፊትና ኋላ ታስሯል። ሊብሬውም በስሜ ወጥቷል። መኪናዋ ከግቢዬ ወጥታ ገበያው ጀርባ ያለው የጭነት መኪኖች መቆሚያ ላይ ናት። ስትወጣ የሰፈሩ ሰው በር በር ላይ ቆሞ አጨበጨበ፤ አንሶላዋ የተበላሸባት ጎረቤቴ ሳትቀር።

ልጅዎ ያለችው ተፈጽሟል። መቼ እንደምትመጣ ይጻፉልኝ።

አማችዎ

ጥር 20 ቀን

ይድረስ ለባሌ፤

ደህና ነኝ። እንኳን ታርጋው ወጣልህ። የምሬን ነው።

ለእናቴ የጻፍከውን ትናንት አንብባ ስትጨርስ «እንግዲህ ቃልሽን ፈጽሞልሻል» አለችኝ። «የቱን ቃል?» አልኳት። «ቡናው አረረ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ስለዚህ እኔው ልንገርህ፤ አንተም እንደ ልማድህ ሳትሞላውና ሳታለሰልሰው ስማኝ።

«ብረቱ ካልወጣ አልመለስም» ያልኩት እኔ አይደለሁም። እሷ ናት። እኔ የመጣሁ ዕለት ያልኳት «መስኮቴ ጨለመብኝ» ብቻ ነው። ያንን መኪና አምጥተህ ከስፌት ክፍሌ መስኮት ጋር ለጥፈህ አቆምከው። በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርቼ ስሰፋ ከረምኩ። ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር ስሰፋ ዓይኔ እስኪፈስ ድረስ! ትንሽ ፈቀቅ አድርግልኝ አልኩህ። «ታርጋ ሲወጣላት» አልከኝ። በገዛ ግቢህ ውስጥ ፈቀቅ ለማድረግ የምን ታርጋ ነው? ሁለት ክንድ ነበር የሚበቃኝ። የሰፈር ጎረምሳ ጠርተህ ብትገፉት ያልቅ ነበር። አገር ይልቀቅ አላልኩም።

ይህንንም ቢሆን እችለው ነበር። ያልቻልኩት ሌላ ነው። ከመጣሁ ጀምሮ የምትጻጻፈው ከእናቴ ጋር ነው። ትልቅ ሰው ማክበርህ እንደሆነ ይገባኛል። ሚስትህ ግን እኔ ነኝ። ፖስተኛው በሩን ባንኳኳ ቁጥር እየሮጥኩ የምከፍተው እኔ፤ ፖስታው ለእናቴ። ውስጡ ያለው ደግሞ ፍሪሲዮን። አንድ ቀን «ናፈቅሽኝ» የሚል የለበትም። የግምጃ ቤቱን ሰው ማለዳ ማለዳ በሩ ላይ ቆመህ ጠበቅከው። መርማሪውን ፀጉር ቤት ድረስ ተከተልከው። እኔ ያለሁት በአንድ አውቶቡስ የሚደረስበት ቦታ ነው፤ አልመጣህም።

ጥር ሲያልቅ ለድርጅቱ መልስ እሰጣለሁ። ከዚያ በፊት ጻፍልኝ፤ ለእኔ። ስለ መኪና አንድ ቃል ካየሁበት ግን እዚያው ላይ እቀደዋለሁ።

ሚስትህ

ጥር 24 ቀን

ይድረስ ለባለቤቴ፤

ይህ አራተኛው ወረቀት ነው። ሦስቱን አንቺ ሳትቀድሚኝ ራሴ ቀደድኳቸው።

ደብዳቤሽን አንብቤ ስፌት ክፍልሽ ገባሁ። ጠረጴዛሽ ላይ ፀሐይ ወርዶበታል። የወደቀች መርፌ በር ላይ ሆኜ አየሁ፤ አንስቼ የመርፌ መሰኪያሽ ላይ ሰካኋት። እዚህ ክፍል ስንት ቀን እየገባሁ መፍቻ ስፈልግ፣ ጨርቅ ስጠይቅሽ ኖርኩ። አምፖሉ በቀን ለምን እንደሚበራ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። ቀለም ቀቢ ነኝ፤ ብርሃን ከየት እንደሚመጣ ሳያዩ ቀለም አይቀባም። ተናደድኩ፤ በራሴ ነው የተናደድኩት።

ለእናትሽ የጻፍኩት ለአክብሮት ብቻ አይደለም። ፈርቼ ነው። ለአንቺ ብጽፍ «አልመለስም» ብለሽ በራስሽ እጅ ትጽፊልኛለሽ ብዬ። ለእሳቸው ስጽፍ ሁልጊዜ አንድ ያላለቀ ጉዳይ አለ፤ ጉዳይ ካለ ደግሞ ገና ተስፋ አለ። ጉዳዩ ምን እንደሆነ ስሙን አልጠራም።

ናፍቀሽኛል። ጽፌው ስለማላውቅ ወረቀት ላይ ሳየው እንግዳ ሆነብኝ፤ ግን እውነት ነው። ማታ ማታ ሁለት ብርጭቆ አወርድና አንዱን እመልሳለሁ።

ሥራሽን አይተው ኃላፊ ሁኚ ማለታቸው ኩራቴ ነው፤ ይህንንም መጀመሪያ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። እሺ ካልሻቸው ዕቃችንን ይዤ እዚያ እመጣለሁ፤ የሚቀባ ነገር የሌለበት ከተማ የለም። እምቢ ካልሻቸው ልወስድሽ እመጣለሁ። በሁለቱም እመጣለሁ። ምን ይዤ ልምጣ? እሱን ብቻ ጻፊልኝ።

ባልሽ

የካቲት 3 ቀን

ይድረስ ለልጄ ባል፤

ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ዛሬ ወገቤም ደህና ነው።

ደብዳቤህ ለእኔ ስላልነበረ አልከፈትኩትም። ስታነበው ግን ከበሩ ውጪ ቆሜ ነበር፤ በራሴ ቤት የትም መቆም እችላለሁ። አነበበችው። መልሳ አነበበችው። ከዚያ ወጥታ «እማዬ፣ ስለ መኪናው አንድም ቃል የለበትም» አለችኝና አንገቴ ሥር ገብታ አለቀሰች። እኔም አብሬ አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ አትጠይቀኝ።

«ብረቱ ካልወጣ» የሚለው ቃል የእኔ መሆኑን ነግራሃለች። አልክድም። ያ ብረት መቼም አይወጣም፣ እሷም መቼም አትሄድም ብዬ ነው። አንተ ግን ለካ ችክ ካልክ የማትመለስ ሰው ነህ።

ለድርጅቱ እሺ ብላለች። ሰኞ ሥራ ጀምራለች። የሚሰጧት ቤት እኔ ካለሁበት መንገድ ማዶ ነው፤ ግቢ የሚባል ነገር ግን የለውም፤ በሩ ከመንገድ ይገጥማል። «ምን ይዤ ልምጣ?» ላልከው፣ መልሱን እኔ እንድጽፍልህ ነግራኛለች። የስፌት ጠረጴዛዋን፣ አልጋውን፣ ሁለቱን ብርጭቆዎች ጫን። አዎ፣ ጫን ብያለሁ። በምን እንደምትጭነው አንተ ታውቃለህ።

እሱን የት ታቆመዋለህ የሚለው ነገር ሁለት ቀን አስጨነቀኝ። መንገድ ላይ ማቆም ክልክል ነው። የእኔ ግቢ ሰፊ ነው፤ በሩ ግን ጠባብ ነው። ልጄ የመኪናውን ስፋት በልቧ ታውቀዋለችና በሩን በሜትሯ ለካች፤ አይገባም። ትናንት ግንበኛ ጠርቼ አንዱን ዓምድ አስፈረስኩት። አባቷ በሕይወት እያለ በእጁ የሠራው ዓምድ ነበር፤ እያየሁ አስፈረስኩት። የብረት በሩንም ነቅለው ግድግዳው ላይ አስደግፈውታል።

እንግዲህ ና ልጄ። በር የለኝምና ሳታንኳኳ ግባ።

እናትህ